«ጥራት ጨምር» የሚለው ቁልፍ የሚጨምረውን ከየት ያመጣዋል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አንድ የትዊተር ተጠቃሚ የባራክ ኦባማን ፎቶ በጣም አሳንሶ፣ ጥቂት ካሬዎች ብቻ ሲቀሩት፣ ፐልስ ለሚባል ፕሮግራም ሰጠው። ያንን ትንሽ ምስል ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየ ሰው ኦባማ መሆኑን ለመለየት አይቸገርም። ፐልስ ግን ሌላ ሰው አወጣ፦ ቆዳው የጠራ፣ ቅንድቡ ፀጉር በፀጉር የሚታይ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ነጭ ሰው። ምስሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ብዙ አነጋገረ።

ክርክሩ በአብዛኛው ያተኮረው ፕሮግራሙ በሠለጠነባቸው ፎቶዎች ላይ ነበር። የነጮች ፊት በዝቶባቸዋል ተባለ፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ከሥሩ ያለው ጉዳይ ግን የዚያን ያህል አልተወራለትም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ፐልስ 16 በ16 ፒክሰል (ምስል የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነን ፊት ወደ 1,024 በ1,024 ማሳደግ ይችላል። 256 ነጥብ ተቀብሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይመልሳል፤ ለአንዷ ፒክሰል 4,096 ማለት ነው። አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ወደ ትንሽነቱ ሲመለስ ከተሰጠው ምስል ጋር የሚገጥም ፊት እስኪያገኝ ድረስ ይፈልጋል። ያንን ነጭ ሰው መልሰው ቢያሳንሱት የኦባማን ትንሽ ምስል የሚመስል ነገር ይወጣል። በራሱ መለኪያ ከሄድን ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ለአንድ ትንሽ ምስል ልክ የሚሆኑት ትልልቅ ፊቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ እሱ ከነሱ አንዱን መረጠ። ሠሪዎቹም በኋላ ላይ ፕሮግራሙ የሚያወጣቸው ፊቶች በእውን የሌሉ ሰዎች እንደሆኑና ማንነትን ለመለየት እንደማያገለግሉ ማሳሰቢያ አክለዋል።

ዛሬ የዚህ ዘመድ የሆነ ሥራ ስልክ ላይ በአንድ ንክኪ ያልቃል። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ፎቶው የተፈለገው ለዓይን እንዲያምር ነው ወይስ የሆነውን እንዲመሰክር? ለሁለቱም የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ያበላሻል።

ከአራት ፒክሰል ሦስቱ

ከሒሳቡ እንጀምር። 640 በ480 የሆነ የድሮ ስልክ ፎቶ 307,200 ፒክሰል አለው። ቁመቱንም ወርዱንም በእጥፍ ስናሳድግ 1,228,800 ይሆናል። ካሜራው ያየው ከዚህ ውስጥ ሩቡን ነው፤ የቀረውን 921,600 ፒክሰል የሞላው ሶፍትዌሩ ነው። በአራት እጥፍ ካሳደግነው ከ16 ፒክሰል 15ቱ የሶፍትዌሩ ናቸው። «በስምንት እጥፍ ያሳድጋል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደግሞ ከ64 ፒክሰል ከካሜራው የመጣችው አንዷ ብቻ መሆኗን ያስታውሱ።

የቀድሞዎቹ ዘዴዎች ክፍተቱን የሚሞሉት አጠገብ ያለውን ፒክሰል እያዩ ነው። በኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ውስጥ የምስል መጠን መቀየሪያውን ሲከፍቱ የሚመጡት ምርጫዎች እነዚሁ ናቸው። አንደኛው በጣም ቅርብ የሆነውን ፒክሰል እንዳለ ይደግመዋል። ውጤቱ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ለፎቶ ያስጠላል፤ ለአይከንና ለድሮ ጌም ሥዕል ግን የሚሻለው እሱ ነው። ባይሊኒየር አራት፣ ባይኪዩቢክ 16 ጎረቤት ፒክሰሎችን አይቶ እንደ ቅርበታቸው እየመዘነ ያሰላል። ላንዞስ የሚባለው ከዚያም ሰፋ ያለ አካባቢ ይቃኛል።

አንድ ጠርዝ ላይ ምን እንደሚፈጠር በቅርብ እንየው። ጥቁር በር ከነጭ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የጥቁሩ የብርሃን ዋጋ 0፣ የነጩ 255 ነው እንበል። ሶፍትዌሩ በሁለቱ መካከል አዲስ ፒክሰል ሲያስገባ ባይሊኒየር 128 ገደማ የሆነ ግራጫ ያስቀምጣል። በሩ ላይ ግን ግራጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይ በር ነው ወይ ግድግዳ። ፎቶ ሲጎላ የምናየው ብዥታ ይህ ነው፤ በየጠርዙ ላይ የተዘረጋ፣ ማንም ያላየው ግራጫ። ቢያስቀይምም ሐቀኛ ነው፤ የማያውቀውን «አላውቅም» እንደማለት ይቆጠራል።

ከዚህ በኋላ እጃችን ወደ ሻርፕ ማድረጊያው ይሄዳል። አንሻርፕ ማስክ የሚባለው መሣሪያ ከዲጂታል ዘመን በፊት በጨለማ ክፍል ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው። የምስሉን የደበዘዘ ቅጂ ይወስዳል፣ ከዋናው ጋር ያለውን ልዩነት ያወጣል፣ ልዩነቱን መልሶ ዋናው ላይ ይጨምራል። ውጤቱ የጠርዙ ጥቁር ወገን ይበልጥ እንዲጠቁር፣ ነጩ ይበልጥ እንዲነጣ ነው። ዓይን ይህንን እንደ ጥራት ይቆጥረዋል። አዲስ ዝርዝር ግን አልተጨመረም። መጠኑ ሲያልፍ በሰው ራስና በሰማይ መካከል ነጭ መስመር ይፈጠራል፤ ይህ መስመር የታየበት ፎቶ ከመጠን በላይ እንደተነካ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ዲፒአይም፣ ማለትም በአንድ ኢንች ውስጥ ስለሚታተመው የነጥብ ብዛት፣ አንድ ነገር ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም ማተሚያ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ «72 ነው፣ ወደ 300 ቀይረህ አምጣ» ይባላል። ፒክሰሉ ሳይጨመር ቁጥሩ ብቻ ከተቀየረ ምስሉ ላይ የሚሆን ነገር የለም። 640 ፒክሰል በ300 ሲታተም 5.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቁጥሩን መቀየር ይህንን አይለውጠውም። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በዚሁ ጥራት ለማተም 1,200 በ1,800 ፒክሰል ገደማ ያስፈልጋል። ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር ግን 300 አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው።

ብልሽቱ ምንድን ነው?

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ፎቶውን ያበላሸውን መለየት ያስፈልጋል። የፒክሰል ማነስ አንዱ ብቻ ነው። በጥቂት ፒክሰል ንጹሕ ሆኖ የተነሣ ፎቶ አለ፤ በ12 ሚሊዮን ፒክሰል ተነሥቶ እጅ ስለተንቀጠቀጠ የማይረባም አለ። ከየስልኩ እየዞረ የሚመጣ ፎቶ ላይ ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ ብዙውን ጊዜ ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ማሳነሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ሆኖ የወጣው ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና በየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ጥቃቅን ለውጥ እየቆረጠ ይጥላል። የቀለም መረጃውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ያስቀምጣል። አንዴ ሲደረግ አይታይም። ፎቶው በመልእክት መተግበሪያ ተልኮ፣ ስክሪንሾት ተነሥቶ፣ ተቆርጦ እንደገና ሴቭ ሲደረግ ግን ቆሻሻው ይከማቻል፤ ካሬዎቹ ይወጣሉ፣ በጽሑፍ ዙሪያ እንደ ትንኝ መንጋ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይታያል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ሳያጸዱ ማጉላት ቆሻሻውንም አብሮ ማጉላት ነው። ሶፍትዌሩ የካሬውን ድንበር ከእውነተኛ ጠርዝ አይለይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ማሳደግ፣ ሻርፕ ማድረግ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሻርፕ ማድረግን ያስቀድምና የቀረውን ሁሉ ያበላሻል።

የጠፋን ዝርዝር በእውነት መመለስ የሚቻልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃብል ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ ከወጣ በኋላ ዋናው መስታወቱ ተሳስቶ እንደተሞረደ ታወቀ። ስህተቱ ጠርዙ ላይ 2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም እያንዳንዱን ኮከብ ዙሪያውን አደበዘዘው። ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ማረሚያ እስኪገጥሙለት ድረስ ሳይንቲስቶቹ ምስሉን በሒሳብ ሲያጠሩ ቆዩ፤ በተለይ ደመቅ ያሉ አካላት ላይ ተሳክቶላቸዋል። የቻሉት ብዥታው በትክክል ስለሚታወቅ ነው። አንድ ነጥብ ብርሃን እንዴት እንደሚበተን ካወቁ መበተኑን ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። እኛ ያለን ደብዛዛ ፎቶ ግን ትኩረቱ ምን ያህል እንደሳተ፣ እጁ ወደየት እንደሄደ የመዘገበ ማንም የለም።

ሁለተኛው እውነተኛ መንገድ ብዙ ፎቶ ነው። አንድን ነገር በተከታታይ ሲያነሡት በየፎቶው መካከል ካሜራው ከአንድ ፒክሰል ያነሰ ርቀት ይነቃነቃል፤ አንዱ ፎቶ ያላየውን ሌላው ያየዋል። ይህ ሐሳብ በጥናት ከቀረበ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ፒክሰል 3 በሚባለው ስልኩ ላይ ያመጣው ዙም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ የእጃችን መንቀጥቀጥ ለአንዴም ቢሆን ጠቀመ። እዚህ ላይ የሚጨመረው ዝርዝር ከፊታችን ካለው ነገር የመጣ ብርሃን ነው። ስለዚህ ያነሡት ቪዲዮ ካለ፣ ወይም አንዱን ነገር አከታትለው ካነሡ፣ ከአንዱ ፎቶ ጋር ከመታገል ሁሉንም መሰብሰብ ያዋጣል።

ማሽኑ ሲገምት

አንድ ፎቶ ብቻ ካለንና ብዥታው ከየት እንደመጣ ካላወቅን የሚቀረው ግምት ነው። ግምቱን ወደ ማሽን ያሻገረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሆንግ ኮንግ ቻይኒዝ ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ሦስት ንብርብር ብቻ ያለው ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም ነበር። የማሠልጠኛው ብልሃት ዛሬም ያው ነው፦ ጥሩ ፎቶ ይወሰዳል፣ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ማሽኑ መልሶ እንዲያሳድገው ይታዘዛል፣ ውጤቱ ከዋናው ጋር ይነጻጸራል። ይህ በብዙ ፎቶ ላይ ሲደጋገም ማሽኑ «እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ይመጣል» የሚል ልምድ ያካብታል።

ሞዴል የሚባሉት እንዲህ የሠለጠኑ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ላይ የነበረባቸው ችግር ውጤታቸው ለስለስ ማለቱ ነበር። ምክንያቱ ደስ ይላል። አንድ የፀጉር ዘለላ በአሥር የተለያዩ ቦታዎች ሊሆን ይችላል እንበል። ማሽኑ በስህተቱ መጠን የሚቀጣ ከሆነ አስተማማኙ ምርጫ የአሥሩን አማካይ መስጠት ነው፤ የአሥር ፀጉር አማካይ ደግሞ ጭጋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የትዊተር ተመራማሪዎች ኤስአርጋን በሚባለው ሥራቸው ሁለት ኔትወርኮችን አፋጠጡ። አንዱ ምስል ይሠራል፣ ሌላው «ይህ እውነተኛ ፎቶ ነው ወይስ የተሠራ?» እያለ ይመረምራል። ማሽኑ ከአሥሩ አንዱን መርጦ ፀጉሩን በድፍረት መሳል ጀመረ። ምስሉ አማረ። ፀጉሩ ግን በአብዛኛው የነበረበት ቦታ ላይ አይደለም።

ሁለት ተመራማሪዎች፣ ብላውና ሚካኤሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ የፕሮግራም ድክመት ሳይሆን የሒሳብ ግድ መሆኑን አሳዩ። ከተወሰነ ወሰን በኋላ ምስሉን ይበልጥ ተፈጥሯዊ ለማስመሰል ከዋናው ጋር ያለው ልዩነት እንዲሰፋ መፍቀድ ይጠይቃል። ነገ የሚወጣ ሶፍትዌርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ «ሳያዛባ ፍጹም ጥራት» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥመኝ አልፈዋለሁ።

መሣሪያዎቹ ግን በፍጥነት አድገዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 አዶቤ ካሜራ ሮው በሚባለው የፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ቁመትና ወርድን በእጥፍ የሚያሳድግ ሱፐር ሪዞሉሽን አመጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ሪል ኢኤስአርጋን ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ የሠለጠነው ብዥታ፣ ነጠብጣብና የጄፔግ ቆሻሻ ተደራርቦ በተጨመረባቸው ፎቶዎች ላይ ስለሆነ ከየስልኩ የዞረ ፎቶ አያስደነግጠውም። አፕስኬይል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ ዓይነት ሞዴል ይሠራል፤ ፎቶውን የትም ሳይልኩ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያሳድጋል። የግል ፎቶን ወደማይታወቅ ድረ ገጽ ከመስቀል ይህ ይሻላል።

እነዚህ ሞዴሎች የሚያስደንቁት ሣር፣ ድንጋይ፣ ጨርቅ፣ የዛፍ ቅጠልና ንጹሕ የመስመር ሥዕል ላይ ነው። ሣሩን ማን ይቆጥረዋል? የሚያሳፍሩት ጽሑፍ፣ ቁጥርና ፊት ላይ ነው። የእኛን ፊደል ብቻ ብንወስድ በ፣ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ፊደሉ ስምንት ፒክሰል ቁመት ሲኖረው ያች ጭረት አንድ ፒክሰል ትሆናለች፤ ጄፔግ ሲያልፍባት ደግሞ ግራጫ ጥላ ብቻ ትቀራለች። ሞዴሉ ከሦስቱ አንዱን አጥርቶ ይጽፋል፣ ወይም ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ቅርጽ ይሠራል። ስህተቱ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ደግሞ አንባቢ አይጠራጠረውም።

ፊትም እንደዚሁ ነው። ጂኤፍፒጋንና ኮድፎርመርን የመሳሰሉ የፊት ማደሻዎች ያረጀ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሲገቡ ጥርሱ ይስተካከላል፣ መጨማደዱ ይጠፋል፣ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ይሆናሉ። ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን አያትዎ አይደሉም። ኮድፎርመር ቢያንስ ከ0 እስከ 1 የሚንቀሳቀስ ማስተካከያ አለው። ወደ 0 ሲጠጋ ውበቱ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ለዋናው ታማኝነቱ ይጨምራል። ምርጫውን ለተጠቃሚው ፊት ለፊት ማስቀመጡን እወድለታለሁ።

ፎቶ ሲመሰክር

የግምቱ ጣጣ የሚከብደው ምስሉ ማስረጃ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በአንድ የግድያ ክስ ላይ ይህ ጥያቄ ቀረበለት። የተከሳሹ ጠበቆች በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጠርቶ ለዳኞች ጉባኤ እንዲታይ ጠየቁ፤ ዳኛው ከለከሉ። ምክንያታቸው አሠራሩ ግልጽ እንዳልሆነ፣ በቪዲዮ ምርመራ ባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት እንዳላገኘና የሚያሳየውም ሞዴሉ መታየት አለበት ብሎ የገመተውን እንደሆነ ነበር። ዋናው ቪዲዮ ደብዛዛ ቢሆንም ደብዛዛነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ምን እንደማይታወቅ ይናገራል።

ይህ የተጀመረው ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጋር ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ ዳቪድ ክሪዝል የዜሮክስ ስካነሮች የሰነድ ቁጥር እንደሚቀይሩ አጋለጠ። አንድ የሕንፃ ፕላን ላይ ስፋታቸው 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር የነበሩ ሦስት ክፍሎች ቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነው ወጡ። ፋይሉን ለማሳነስ የገባው ፕሮግራም ተመሳሳይ የመሰሉትን ቁራጮች በአንዱ ይተካቸው ነበር። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ስለሚነበቡ ማንም አልጠረጠረም።

የታርጋ ቁጥር፣ የደረሰኝ ድምር፣ የተጠርጣሪ ፊት፣ የሕክምና ምስል ሲሆን እንግዲህ ከባይኪዩቢክና ከመጠነኛ የብርሃን ማስተካከያ ማለፍ አይገባም። ዋናው ፋይልም ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ለዓይን የሚሠራው ሥራ

የተቀረው ሥራ፣ ማለትም የሠርግ ፎቶ፣ ፖስተር፣ የማስታወሻ አልበም፣ ብዙ ነፃነት አለው። እዚያም ቢሆን ከሁሉም ሶፍትዌር የሚበልጠው የተሻለ ቅጂ መፈለግ ነው። ፎቶውን የላከልዎ ሰው ዋናው ስልኩ ላይ ሊኖር ይችላል፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልከው ይጠይቁት፣ የመልእክት መተግበሪያው አይጨፈልቀውም። ከኢንተርኔት የተገኘ ከሆነ በምስል ፍለጋ ትልቁን ቅጂ ይፈልጉ። የወረቀት ፎቶ ከሆነ በስልክ ከማንሣት በ600 ዲፒአይ ስካን ያድርጉት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ያስቀራል።

የተሻለ ቅጂ ከጠፋ እኔ የምመርጠው አሠራር ይህ ነው። ፎቶውን ሁለት ጊዜ አሳድገዋለሁ፤ አንዱን በባይኪዩቢክ፣ ሌላውን በሞዴል፣ ሁለቱንም ወደ አንድ መጠን፣ ከእጥፍ ብዙም ሳላልፍ። ከዚያ ፎቶሾፕ ወይም ጂምፕ ውስጥ እደራርባቸዋለሁ፤ የሞዴሉ ከላይ። የላይኛውን ኦፓሲቲ (ድፍንነት) ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ሳደርገው ፕላስቲክ የሚመስለው ቆዳ ይለዝባል። ፊት ላይ ደግሞ ማስክ (የምስሉን ከፊል ብቻ የሚሸፍን ጭምብል) ጨምሬ ይበልጥ እቀንሰዋለሁ፤ ጽሑፍ ላይ ጨርሶ አጠፋዋለሁ፣ ጽሑፉ የሚታወቅ ከሆነም እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ልብሱና ከኋላ ያለው ዛፍ ላይ እንዳለ እተወዋለሁ። በመጨረሻ በጠቅላላው ላይ በጣም ቀጭን ነጠብጣብ እጨምራለሁ። እንግዳ ቢመስልም ሁለቱን ንብርብር አንድ የሚያደርጋቸው እሱ ነው፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰን ምስል ዓይን ይጠራጠረዋል፣ ትንሽ ሻካራነት ያለውን ግን ይቀበለዋል።

ሥራውን የሚመረምሩት በ100 በመቶ ዙም ነው። በ400 በመቶ ሁሉም ያስጠላል፤ ስክሪን ሞልቶ ሲታይ ደግሞ ሁሉም ያምራል። በየመሐሉ ሴቭ ሲያደርጉ በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ያድርጉት፤ ጄፔግ የሚሆነው የመጨረሻው፣ የሚላከው ቅጂ ብቻ ነው። ፎቶው ስልክ ላይ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ ለፕሮፋይል የሚገባ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ 640 ፒክሰል ለዚያ ይተርፋል፣ ሳይነኩት ይጫኑት።